«ደንባችን ነው» ለተባለች የጅማ እናት

ጥያቄው፦ «ልጄ 3 ዓመት ከ8 ወሯ ነው። የምንኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። መስከረም ላይ አንድ የግል ኬጂ አስገባኋት፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እሪ ትላለች፤ እኔን ግን ከበር አያሳልፉኝም። ሽንቷ ካመለጣት ‹ቤት አስለምደሽ አምጪያት› ይሉኛል። ካሳላት ደግሞ መልሰው ይልኩብኛል፤ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ስንቴ ላስፈቅድ? በዚያ ላይ ማታ ማታ ሙሉ ገጽ ፊደል ጽፋ እንድትመጣ ቤት ሥራ ይሰጧታል። ለምን ስላቸው ‹ደንባችን ነው› ይላሉ። ልክ ናቸው? ወይስ ላውጣት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አሁን አታውጫት። ሦስት ሳምንት ገና ነው። ደንቦቻቸውን በተመለከተ ግን አራቱንም በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም። የሕመሙ ደንብ ልክ ነው፣ አጻጻፉ ግን ልቅ ነው። የበሩ ደንብ ግማሹ ልክ ነው። የሽንቱ አያስኬድም። የቤት ሥራው ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም።

ኬጂ ውስጥ ደንብ ለልጁ ይወጣል፣ ለመምህሯ ይወጣል፣ አንዳንዴም ለወላጅ ዓይን ይወጣል። ለልጁ የወጣውን ቢከብድሽም አክብሪው። ለመምህሯ ሥራ ማቅለያ የወጣው ላይ ተነጋገሪ፤ እሷም ሰው ናት፣ የአርባ ልጅ ለቅሶ ተሸክማ የምትውል ሰው። ለወላጅ ዓይን የወጣውን ግን እምቢ ማለት መብትሽ ነው። «ደንባችን ነው» መልስ አይደለም። ጥሩ ኬጂ የደንቡን ምክንያት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግርሻል።

ከሁሉ በፊት ስለ ዕድሜዋ። በአገራችን አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍም ኬጂን የጀመረው ከ4 ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት ያለውን ዕድሜ በዋናነት ለጤናና ለቤት ውስጥ እንክብካቤ ነው የተወው። በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ያለው ዜሮ ክፍልም የተከፈተው ለ6 ዓመት ልጆች ነበር። እንግዲህ ልጅሽ ዘገየች የሚልሽ ካለ፣ አልዘገየችም። እንዲያውም ትንሽ ቀድማለች። ብትቀድምም ችግር የለውም፤ አንቺ ሥራ ትውያለሽ፣ ልጅቷ ደግሞ ከሠራተኛ ጋር ቴሌቪዥን ላይ ተፈጥዳ ከምትውል ከልጆች ጋር ብትጫወት ይሻላታል። ግን አንደኛ ክፍል ለመግባት ከ3 ዓመት በላይ ይቀራታል። ይህን ያዢልኝ፤ ቤት ሥራው ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

በሩ ላይ እንቁም። ወላጅ የማያስገቡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንዲት እናት ክፍል ገብታ ከተቀመጠች፣ ዝም ብለው የነበሩት ሁሉ «የኔስ?» ብለው ይነሳሉ። አንዷ ጋ የጀመረ ለቅሶ ክፍሉን ለመዞር ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ ከክፍል ውጪ ሁኚ ማለታቸው ያስኬዳል። ችግሩ ልጅቷን የሚረከቧት እንዴት ነው የሚለው ላይ ነው። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ የሚጎትታት ከሆነ፣ እሱ ርክክብ አይደለም። ልጅ ከእናት እጅ ወደምታውቀው ሰው እጅ ነው መሄድ ያለባት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰው፣ ሚስም ትሁን ሞግዚት።

ከአንቺ በኩል የሚጠበቅ ነገር አለ። ደወል ሲደወል ሳይሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። በደወል ሰዓት ባጃጁ፣ ጥሩምባው፣ የሚያለቅሰው ልጅ፣ የሚሮጠው ወላጅ አንድ ላይ ነው። እንኳን ለልጅ ለአዋቂም ያስጨንቃል። ቀድማችሁ ስትደርሱ ግቢው ጸጥ ያለ ይሆናል፤ ሚስም ጎንበስ ብላ በስሟ ትጠራታለች። ከዚያ አጭር ስንብት። በየቀኑ አንድ ዓይነት። ሳሚያት፣ «ዳቦሽን በልተሽ፣ ተጫውተሽ፣ መዝሙር ዘምረሽ ስትጨርሺ እመጣለሁ» በያትና ሂጂ። «ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አትበያት፤ ስድስት ሰዓት ለእሷ ምኗም አይደለም። ከወጣሽ በኋላ ተመልሰሽ በአጥር አትይ። አንዴ ካየችሽ ከዜሮ ነው የምትጀምረው።

ሹልክ ብሎ መጥፋትስ? ብዙ ሰው ይመክራል፣ አያቶችም ያውቁበታል። ለአንድ ቀን ይሠራል። በማግስቱ ግን ልጅቷ ከቀሚስሽ ጫፍ አትለቅም፣ ቤትም ሽንት ቤት ስትገቢ በር ላይ ቆማ ትጠብቅሻለች። ዞር ስትል የምትጠፊ መሆንሽን ተምራለቻ! እያለቀሰችም ቢሆን መሰናበት ሹልክ ብሎ ከመጥፋት ይሻላል። ሌላው ደግሞ ቤት ውስጥ ስታስቸግር «ለሚስ እነግርብሻለሁ» የምትባለው ነገር። ማታ በሚስ ያስፈራራናትን ልጅ ጠዋት ሚስ እቅፍ ሂጂ ማለት አይሆንም። ይቺን ለባለቤትሽም፣ ለሠራተኛሽም ንገሪ።

አሁን ሚስን አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «እኔ ከሄድኩ በኋላ ስንት ደቂቃ ታለቅሳለች?» አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ካለችሽ፣ ከዚያም ምን እንደምትጫወትና ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ከነገረችሽ፣ ልቅሶው የስንብት ልቅሶ ነው። አብዛኛው ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ይለምዳል። ሰኞ ሰኞና ከበዓል በኋላ ያገረሽባቸዋል፣ አትደንግጪ። «እንጃ፣ ልጅ ያለቅሳል» ካለችሽ ግን ልጅሽን እያዩአት አይደለም ማለት ነው። እስከ ምሳ የምታለቅስ፣ ምግቧን ሳትነካ የምትመልስ፣ ቤት ስትገባ ዝም የምትል፣ ሌሊት እየባነነች የምትጮህ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሰውነቷን ስታጥቢያት እያየሽ እጠቢያት። ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ጥግ ማንበርከክ በየትኛውም «ደንብ» ስም አይፈቀድም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፏል። ይሄን ካየሽ ለማውጣት ወር አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን አውጪያት።

ሽንቱ ላይ አልዘገይም። ልጆች በአብዛኛው ቀን ቀን ሽንታቸውን የሚቆጣጠሩት ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ሌሊቱ ከዚያም ይዘገያል። ቤት ውስጥ በደንብ የለመደ ልጅም አዲስ ቦታ ሲገባ ያመልጠዋል። ብዙዎቹ ኬጂዎች ያላቸው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ቤት በፖፖ የለመደች የሦስት ዓመት ልጅ ያንን ጨለማ ቀዳዳ ስታይ የምታስበው «እወድቃለሁ» ብላ ነው። ስለዚህ ትይዘዋለች። መያዝ ሲያቅታት ክፍል ውስጥ ያመልጣታል። ይሄ ያለመልመድ ጉዳይ አይደለም፤ የፍርሃት ጉዳይ ነው። አንዴ አብረሽ ገብተሽ አሳያት፣ ሞግዚቷም እጇን ይዛ እንድታቆያት ጠይቂ። ቤት ሽንት ስትፈልግ ምን ብላ እንደምትጠራው ለሞግዚቷ ንገሪያት፤ በተለይ የቤታችሁ ቋንቋና የሞግዚቷ ቋንቋ ከተለያየ። ቁልፍና ቀበቶ ያለው ሱሪ ተይው፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነውን አልብሻት። ቦርሳዋ ውስጥ ቅያሪና ፌስታል አይጥፋ። ከኬጂው የምትጠይቂው ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በሰዓት በሰዓቱ ይውሰዷት፣ ሲያመልጣትም በሌሎች ፊት አያሳፍሯት። የሦስት ዓመት ልጅ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያስከፍል ቦታ ሽንት አያመልጥም ብሎ ደንብ ሊያወጣ አይችልም።

የሕመሙ ደንብ ግን ያናድድሽ እንጂ የሚጠብቀው ልጅሽንም ነው። ነገ የሌላው ልጅ ተቅማጥ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ የምትቆጪው አንቺ ነሽ። ስህተቱ «ሳል» ብቻ ማለታቸው ላይ ነው። ኬጂ የጀመረ ልጅ በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ መስከረም ጠባ ብሎ አይተውም። በሳል ሁሉ ይቅሩ ከተባለ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዳይሬክተሯ በጽሑፍ እንድትዘረዝረው ጠይቂ። ትኩሳት የሌላት፣ የምትበላና የምትጫወት ልጅ ንፍጥና ቀላል ሳል ቢኖራትም መዋል ትችላለች። ትኩሳት ካላት፣ ካስመለሳት፣ ካስቀመጣት፣ ዓይኗ መግል ከያዘ፣ ወይም ትኩሳት ያለው ሽፍታ ከወጣባት ቤት ትዋል። ትኩሳቱ ያለ ማስታገሻ ሙሉ ቀን እስኪጠፋ አትመልሻት። ጠዋት ፓራሲታሞል አጠጥቶ መላክ የምናውቀው ዘዴ ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ግን ስልክሽ ይጮኻል። ጉድፍ ከያዛት ቁስሎቹ በሙሉ እስኪደርቁ፣ ኩፍኝ ከሆነ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 4 ቀን ትቆይ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ ካርዷን አውጥተሽ ሁለተኛው መወሰዱን እዪ። ብዙ እናት አንደኛውን አስወስዳ ሁለተኛውን ትረሳለች።

ሳል ላይ እያለሁ ይቺን ልንገርሽ፤ ሕይወት የምታድን ናት። ልጅቷ ተኝታ ወይም ረግታ ሳለች ልብሷን ገልጠሽ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። በእሷ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ አትቁጠሪ፣ ሩጪ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳልም ይታይላት።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። እኔን በእውነት የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

ማታ ስትጽፍ እጇን እዪው። እርሳሱን በጭብጧ ነው የምትይዘው አይደል? ጣቷ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው ትከሻዋ ነው። ምላሷን አውጥታ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና ነው የምትጽፈው። ይህ ስንፍና አይደለም። በዚህ ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንት ገና አልጠነከረም። በሦስት ጣት መያዝ በአብዛኛው ከ4 ዓመት በኋላ ቀስ እያለ የሚመጣ ነገር ነው። ልጅ መጀመሪያ ክብ ይስላል፣ ወደ አራት ዓመት ገደማ መስቀለኛ፣ ከዚያ አራት ማዕዘን፣ ወደ አምስት ዓመት ሦስት ማዕዘን። «ሀ»ን እዪዋ፣ ጎድጓዳ ናት። «መ» ሁለት ክብ አላት። «ጨ»ን ተይው! ክብ በቅጡ ያልዘጋች ልጅ «ጨ»ን አሥር ጊዜ ገልብጪ ስትባል ፊደል አትማርም። የምትማረው እርሳስ መጥላት ነው። ገጹን የሚሞላው ደግሞ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የእናት እጅ ከላይ፣ የልጅ እጅ ከታች። ሚስም ታውቃለች፣ ኮከብ ግን ትሰጣለች።

ይህ የሕፃናት እድገት ጉዳይ የፈረንጅ ብቻ አይምሰልሽ። ዴንቨር 2 የሚባለው የሕፃናት እድገት መመዘኛ እዚሁ ጅማ ላይ ለእኛ ልጆች እንዲስማማ ተደርጎ ተፈትኗል፤ ጥናቱም በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከአካባቢያችን ኑሮ ጋር የማይሄዱት ጥያቄዎች ተለውጠውለታል። በእንዲህ ዓይነት መመዘኛ የልጅ እጅ ሲመዘን የሚጠየቀው ኩብ መደርደር፣ መስመርና ክብ መሳል ነው፤ ፊደል መሙላት የለበትም።

ታዲያ ኬጂዎቹ ለምን ይሰጣሉ? እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ ስለምንፈልግ ነው። የጎረቤት ልጅ ኬጂ 1 ሆኖ ስሙን ይጽፋል ሲባል እንቀናለን። ደብተሩ ባዶ ከሆነ «ምን እያስተማሩ ነው ገንዘባችንን የሚበሉት?» እንላለን። ልጅ ከጭቃ ጋር ሲታገል ውሎ ቢመጣ ግን ዩኒፎርሙ ተበላሸ ብለን እናጉረመርማለን። የኬጂው ባለቤት ይህን ያውቃል። የተሞላ ገጽ ለወላጅ ይታያል፤ ተራ መጠበቅ የቻለ፣ «ስጪኝ» ብሎ በአፉ መጠየቅ የጀመረ ልጅ ግን ደብተር ላይ አይታይም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ ለኬጂ ያስቀመጠው ዓላማ ልጁ ሁለንተናዊ እድገት አግኝቶ ለመደበኛ ትምህርት እንዲዘጋጅ ነው። አንደኛ ክፍልን ወደ ሦስት ዓመት አውርዱት አላለም።

ለኬጂው እንዲህ በያቸው፦ «ቤት ሥራውን አንቃወምም፣ ግን በጽሑፍ ፋንታ በእጅ ሥራ ይሁንልን።» ከዚያ ደብተሩ ላይ «ዛሬ በቆሎ ፈለፈለች» ብለሽ ጽፈሽ ላኪ። እየቀለድኩ አይደለም። ጅማ ውስጥ ለልጅ ጣት የሚሆን ሥራ ሞልቷል። በቆሎ መፈልፈል አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አንድ ላይ ያሠራል፤ እርሳስ የሚያዘውም በእነሱ ነው። ቡና ስትለቅሚ አጠገብሽ ትቀመጥና የተሰበረውን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ ትለይ። ስትለይ ትቆጥራለች፣ ታወዳድራለች፣ ወሬዋንም አታቋርጥም። ሊጥ ስታቦኪ ቁራሽ ስጫት። የተቀቀለ ድንች ትላጥ፣ ካልሲ ትጭመቅ፣ የጋቢ ቁጭት ትፍተል። ብቻዋን ግን አትተያት፤ የበቆሎም የቡናም ፍሬ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ መግባት ይወዳል፣ የጅማ ሐኪሞችን ጠይቂያቸው።

ፊደልም ጨርሶ አይቅር። በዓይኗ ትለየው፣ በአፏ ትዘምረው፣ በጣቷ አመድ ወይም ዱቄት ላይ ትሳለው። የስሟን መጀመሪያ ፊደል የሱቅ ማስታወቂያ ላይ አይታ «የኔ!» ካለች ይበቃታል። ማታ ተረት ንገሪያት። ከእሷ ጋር ስለዋለችበት አውሪ። በእርግጥ የሚያስፈልጋት ደግሞ እንቅልፍ ነው፤ በእሷ ዕድሜ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። ሦስት ሰዓት ማታ ላይ እያንቀላፋች ገጽ የምትሞላ ልጅ ጠዋት በር ላይ ብታለቅስ ምኑ ይገርማል? ሁለቱ ችግሮችሽ የተያያዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ደንብ አለ፣ ከሁሉም በላይ ልትጠይቂበት የሚገባ። ልጅሽን ማን ይረከባል? ጅማ ውስጥ ብዙዎቻችን ኮንትራት ባጃጅ ነው የምንይዘው። ሹፌሩ ሲታመም ወንድሙን ይልካል፣ ወንድሙ ጓደኛውን። በሩ ላይ ደግሞ «የማን ነሽ?» «የባጃጁ» ተብሎ ልጅ ይሸኛል። የሚረከቡ ሰዎች ስም፣ ፎቶና ስልክ ኬጂው ጋ ይኑር፤ ከዝርዝሩ ውጪ የመጣ ሰው ለአንቺ ሳይደወል እንዳይሰጠው በጽሑፍ ጠይቂ። ይህን ደንብ አጥብቆ የያዘ ኬጂ ካለ፣ አጎቷን ቢመልሱብሽ እንኳ አመስግኛቸው። ባጃጁም ሦስት ሰው እንጂ ስምንት ሕፃን አይጭንም። ዝናብ ሲሆን ጭቃው የሚያንሸራትት መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ምሳ ዕቃዋ ላይ ደግሞ ፈንዲሻ፣ ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ አታድርጊ። ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ እየሳቀ ሲበላ ያንቀዋል። ዳቦ በእንቁላል፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች ይበቃል።

ዳይሬክተሯን ስታነጋግሪ በደወል ሰዓት በር ላይ ቆመሽ አይሁን። ቀጠሮ ያዢ። አራቱንም አንድ ላይ አትዘርግፊባት፤ «ልታባርሪን ነው የመጣሽው» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ከርክክቡና ከሽንት ቤቱ ጀምሪ፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም፣ እሺ ማለት ይቀላቸዋል። በሁለተኛው ዙር የሕመሙን ዝርዝርና የቤት ሥራውን አንሺ። ከክፍሏ ሁለት ሦስት እናቶች ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ሌላ ነው፤ ማታ ማታ እጅ ይዘው የሚያጽፉት እነሱም ናቸው። የወላጅ መምህር ኅብረት ካለ በዚያ በኩል ይቅረብ። አልሰማ ካሉ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ።

እስከ ኅዳር መጨረሻ ስጫቸው። ልቅሶው ካጠረና ቢያንስ የጽሕፈቱን ነገር ካቀለሉላት አቆያት። ካልሆነ ግን ሌላ ኬጂ ስትፈልጊ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፊደል አትመልከቺ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ሂጂና በር ላይ ቆመሽ አዳምጪ። ጨርሶ ጸጥ ያለ ከሆነ ተመለሽ። ሽንት ቤታቸውን አሳዩኝ በያቸው፣ የመጫወቻ ሜዳው ላይ የልጅ ዱካ መኖሩን እዪ፣ ሞግዚቷ ከልጅ ጋር ስታወራ ተቀምጣ ነው ወይስ ቆማ እንደሆነ ልብ በይ። ከመክፈልሽ በፊትም የደንቡን ወረቀት ቤት ወስደሽ ከባለቤትሽ ጋር አንብቡት።